ይጨመርበት!

አገሮች ብረት ለበስ ተሽከርካሪ እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚገዙ ለማወቅ ጄኔራል መሆን አያስፈልግም። ቦሌ አራብሳ ብቅ ብሎ የግቢያችንን በር ማየት ይበቃል። ከታክሲ ውረዱ፣ ጭቃውን ዝለሉ፣ ባጃጆቹን እለፉ። ከኮንዶሚኒየሞቹ መሀል አረንጓዴ የተቀባ፣ ሁለት የብረት አንበሶች የተፋጠጡበት፣ የማይከፈት በር ታያላችሁ። እሱ ነው።

አጀማመሩ እንኳ ትሑት ነበር። አንድ ሌሊት የጎረቤታችን መኪና አራቱም ጎማዋ ተፈቶ ሄደ። ምስኪን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አደረች። በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ብር ተዋጣ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ያሸነፈው የሰፈሩ በያጅ ሜትሩን ይዞ መጣና «በሩ ምን እንዲያደርግላችሁ ነው የምትፈልጉት?» አለ። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ልጅ ነው ብለን አለፍነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ነው። «ላሜራው ይወፍር» ተባለ። ይጨመርበት! ጡረታ የወጡት ሻምበል «ጥይት የማይበሳው ይሁን» አሉ። ይጨመርበት! (እኛ ሰፈር የሚያሰጋው የሌሊት ውሻ እንጂ ጥይት አይደለም፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል።) ከላይ እሾሃማ ሽቦ፣ ከጎን የእግረኛ በር፣ በእግረኛው በር ላይ የዘበኛ መስኮት፣ በመስኮቱ ላይ ፍርግርግ። አንበሶቹማ በሙሉ ድምፅ ነው ያለፉት።

«ጋሼ፣ ላሜራው እንዲህ ከወፈረ ማጠፊያው አይችለውም» አለ በያጁ። ማጠፊያው ተቀየረ። «እንግዲያው ኮለኑም አይችለውም።» ኮለኑ ፈርሶ እንደገና ተሞላ። ልጁ ሳያውቀው የታንክ ምሕንድስናን ሀሁ እያስቆጠረን ነበር። ብረት ሲጨመር ክብደት ይመጣል። ክብደቱ ትልቅ ሞተር ይጠይቃል። ሞተሩ ነዳጅና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ያንን ሰፊ ቦታ ለመሸፈን ደግሞ ብረት ይጨመራል። እንዴት ያለ የሚያምር አዙሪት ነው! የምንወደውም እኛ ብቻ አይደለንም።

እንግሊዞችን እንይ። ታንክን በ1916 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ሜዳ ያወጡት እነሱ ናቸው፤ የልምድ ችግር የለባቸውም። በ2014 ኤጃክስ የተባለ ብረት ለበስ 589 አዘዙ፤ የ5.5 ቢሊዮን ፓውንድ ውል። መስፈርቱ ስንት ነበር? 1,200 ገደማ! የኛ ኮሚቴ በአራት ስብሰባ ገና አሥራ ሰባት ላይ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ቀናሁ። በ2017 ሥራ ሊጀምር ነበር የተባለው። እስከ 2021 መጨረሻ 3.2 ቢሊዮን ፓውንድ ተከፍሎበት የተረከቡት 26 ብቻ ነው። እሱም ሲነዳ እየተንቀጠቀጠና እየጮኸ የሚሞክሩትን ወታደሮች ጆሮ ጎዳ። የራስን ሰው ለመጉዳት ጠላት እስኪመጣ መጠበቅ ድሮ ቀረ።

ለእኔ ግን ቁንጮዎቹ ጀርመኖች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 188 ቶን የሚመዝን ታንክ ሠሩ። ስሙን «ማውስ» አሉት፤ አይጥ ማለት ነው። (ሽሙጥ እኛ ብቻ የምናውቅ ይመስለን ነበር።) ይህን አይጥ ድልድይ አይሸከመውም። ስለዚህ ወንዝ ሲገጥመው ውኃው ውስጥ ገብቶ በወለሉ ላይ እንዲሄድ ታሰበ፤ ዳር የቆመ ሌላ ማውስ በገመድ መብራት እየላከለት። ከጎረቤት መስመር መቀጠል በሉት። ሁለት ናሙና ተሠርቶ ጦርነቱ አለቀ።

«ይቀነስበት» የሚሉ ወግ የማያውቁ ሰዎችም አልጠፉም። ሶቪየቶች በ1941 ፋብሪካዎቻቸውን ነቅለው ወደ ኡራል ከወሰዱ በኋላ ቲ-34 የተባለውን ታንካቸውን አሠራር ያቀሉት ጀመር። ለውጊያ የማይረባው ወጣ፤ ሸካራው «ውበት ምን ያደርጋል» ተብሎ እንዳለ ተተወ። በሁለት ዓመት ውስጥ የአንዱ ዋጋ በግማሽ ገደማ ወረደ፣ ታንኩም በአሥር ሺዎች ጎረፈ። ጀርመኖች የተጠበቡበት ታይገር የተባለው ታንክ 1,347 ላይ ቆመ። ማን አሸነፈ ብላችሁ አትጠይቁኝ። የማን ቃለ ጉባኤ ይበልጥ ያምራል? እሱን ጠይቁኝ።

ሻምበሉ በየስብሰባው የሚያወጉን አንድ ታሪክ አለ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ጣልያን በሽሬ በኩል ትናንሽ ታንኮች አሰልፎ ነበር። መትረየሳቸው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይዞርም። የራስ እምሩ ጦር ከበባቸው፤ ታንኮቹም እዚያው ቀሩ። ሻምበሉ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁሌም ድምፃቸው ይለወጣል። እኛም እናጨበጭባለን። የግቢያችን የኋላ አጥር ግን ዛሬም የዛገ ቆርቆሮ ነው። አጀንዳ ተይዞለት አያውቅም።

በሩ በግንቦት ተመረቀ፤ ዳቦ ተቆረሰ። ክረምት ሲገባ የአራብሳ ጥቁር አፈር አበጠ። ኮለኑ ጋደል አለ፣ አንበሶቹም አብረው ጋደሉ፣ የበሩ ጫፍ ኮብልስቶኑን ነክሶ ቀረ። ሲከፈት አራት ጎረምሳ ይጠይቃል፤ ሲዘጋ ስድስት። መኪና ያላቸው ውጭ ማሳደር ጀመሩ። ጎማቸውን እግዚአብሔር ይጠብቅላቸው።

ባለፈው እሑድ አስቸኳይ ስብሰባ ነበር። «ኤሌክትሪክ ሞተር ይጨመርበት» ተብሎ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ለሞተሩ መጠለያ፣ ለመጠለያው ሌላ ዘበኛ ይጨመር የሚለው ለሚቀጥለው ሳምንት አድሯል። ሰብሳቢያችን ትንሽ አርፍደው ነበር የደረሱት። በኋላ አጥር ቀዳዳ ሲሾልኩ ኮታቸው ቆርቆሮው ላይ ተያዘ። ዘበኛው ሮጦ ሄዶ አላቀቃቸው።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ» አላቸው፣ «የምትሠራው በር ይቺ ብቻ ናት።»