ለጎንደር ልጆች አንድ የአፈር ሜዳ

አዘዞ መንገድ ዳር ለግንባታ የተቆፈረ አፈር ተከምሮ ነበር። የሰፈሩ ልጆች በአካፋ አስተካክለው መዝለያ አደረጉት። በኪራይ ሳይክል ከላይ ተንደርድረው እየመጡ በተራ በተራ ይዘላሉ። አንዱን ልጅ ልብ ብዬ አየሁት። ሳይክሉ ፍሬን የለውም። ዘሎ ሲያርፍ እግሩን የኋላ ጎማው ላይ ይጭናል፤ የሚያቆመው በጫማው ሶል ነው። ሶሉ ከመሀል አልቆ ካልሲው ይታያል። አከራዩ "ሰዓትህ ሞልቷል!" ይለዋል። እሱ "አንዴ ብቻ፣ ጋሼ" እያለ ይለምናል።

ልጆቹ ስሙን ባያውቁትም ይህ ቢኤምኤክስ የሚባለው፣ አፈር ላይ እየዘለሉ የሚወዳደሩበት የሳይክል ስፖርት ነው። አጀማመሩም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ የካሊፎርኒያ ልጆች የሞተር ክሮስ፣ ማለትም አፈር ላይ የሚደረግ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም አዩ። ሞተር ስላልነበራቸው በሳይክላቸው አፈር ላይ ያስመስሉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ስፖርቱ ኦሎምፒክ ገባ። ስምንት ተወዳዳሪዎች ከከፍታ ላይ እኩል ይለቀቃሉ። እየዘለሉና እየታጠፉ 400 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ፤ በ40 ሰከንድ አካባቢ ሁሉም ነገር ያልቃል። ጎማው 20 ኢንች ነው፤ የሚቀያየር ማርሽ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2016 ኦሎምፒክ በሴቶች ወርቁን የወሰደችው ኮሎምቢያዊቷ ማሪያና ፓሆን ናት። የተወለደችበት ሜዴሊን እንደ ጎንደር ተራራ የከበባት ከተማ ናት። ዛሬ እዚያ በስሟ የተሰየመ መወዳደሪያ አለ።

እኛስ ምን ይጎድለናል? ቁልቁለቱ ሞልቶናል። ለልጆች የሚሆን ትንሽ ሜዳ የሚፈልገው ቦታ፣ አፈር፣ ለጥቂት ቀን ሎደርና የልጆቹን ጉልበት ነው። የክረምቱ ዝናብ እንዳያጥበው ውሃ መውረጃ ይቆፈርለት፤ ከላይ ገረጋንቲ ተነጥፎ በደንብ ይጠቅጠቅ። የቤት አፈር አውጥቶ መጣያ የጠፋበት ሰው ደግሞ ከተማው ውስጥ ሞልቷል።

አደገኛ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። መውደቅ አለ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ የሚሠራ ፍሬን ግዴታ ነው፤ ያለዚያ አይጀመር። ግን ሜዳው ላይ ሁሉም የሚነዳው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ከፊት ለፊት ባጃጅ አይመጣም።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው ሳልፍ ገልባጭ መኪና መጥቶ ክምሩን አንስቶታል። ልጆቹን ያገኘኋቸው አስፋልቱ ላይ ነው፤ በሚኒባሶች መሀል ቁልቁል ይወርዳሉ። ፍሬን የሌለው ሳይክል ከፊት ነበር።