መስኮቱን ማን ይክፈት

በ2014 ዓ.ም.፣ በኮሮና ወረርሽኝ መካከል፣ ለገና ወደ አገር ቤት ከገባሁ ወዲህ ዕረፍት የነሳኝ የአውቶቡስ መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሌሊት ስንነሳ መስኮቱ ሁሉ የተዘጋው በብርዱ ምክንያት እንደሆነ ገብቶኛል። ወልቂጤን አልፈን ግቤ በረሃ ስንወርድ፣ ላብ በፊታችን ላይ እየወረደ እንኳ አንድም ሰው አለመክፈቱን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። አጠገቤ ያለውን በጥቂቱ ከፈት ሳደርገው ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ነፋሱ ይመታናል፤ ዝጊው» አሉኝ፤ ዘጋሁት። በመኪናው ውስጥ የሚያስለው ሰው ብዙ ነበር፣ ሁሉም «ጉንፋን ነው» ይላል። ረዳቱ ስንሳፈር በየመዳፋችን ሳኒታይዘር አፍስሶልናልና ግዴታው የተፈጸመ ይመስል ነበር። ይህ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲሱን የኮሮና ቫይረስ ዝርያ ኦሚክሮንን አሳሳቢ ከሚላቸው ዝርያዎች መድቦት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው።

የምኖረው ለንደን ነው። የዚያ አገር መንግሥት በወረርሽኙ አያያዙ ብዙ ተወቅሷል፣ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር ያስቀናኛል፤ መመሪያው ከነቀኑና ከነምክንያቱ ይለወጥ ነበር፣ ለውጡም ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። «እጅ፣ ፊት፣ ርቀት» (ታጠቡ፣ ማስክ አድርጉ፣ ተራራቁ) በሚለው መፈክር ላይ፣ ቫይረሱ በታፈነ ክፍል አየር ውስጥ ተንሳፍፎ እንደሚቆይ ማስረጃው እየጠነከረ ሲሄድ፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. «ንጹሕ አየር» ተጨመረበት። ለእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች 300 ሺህ ያህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ እንዲታደል ተወሰነ፤ ክፍሉ ሲታፈን ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ መምህሯም መስኮት ትከፍታለች። ኦሚክሮን ሲመጣ ኅዳር 21 ቀን በሱቅና በሕዝብ ማመላለሻ ማስክ እንደገና ግዴታ ሆነ። ታኅሣሥ 13 ቀን ደግሞ በቫይረሱ ተይዞ በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን ተመርምሮ ነጻ ለሆነ ሰው የ10 ቀኑ ራስን ማግለል ወደ 7 ዝቅ አለ።

ጅማ የጠበቀኝ ግን የ2012 ዓ.ም. መመሪያ ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ሲገኝ የተለጠፈው ወረቀት፣ ፀሐይ አንጥቶት፣ ዛሬም እጃችንን እንድንታጠብና ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንድንራራቅ ይነግረናል። እጅ መታጠብ ለተቅማጥም ለሌላውም በሽታ ይጠቅማልና ማንም እንዲተወው አልፈልግም፤ ስለ አየር ግን ወረቀቱ አንዲት ቃል የለውም። ለጉዳይ በሄድኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛው ግንባሬን በመለኪያ ለካ፣ እጄን አስታጠበኝ፣ ከዚያም መጋረጃው ወደተጋረደና መስኮቱ ወደተቆለፈ ጠባብ ክፍል አስገባኝ፤ በዚያም ባለጉዳዩ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ረጅም ሰዓት ተቀምጧል። በር ላይ ይህን ያህል ትጋት፣ ውስጥ ግን ይህን ያህል ቸልተኝነት ማየት አንጀቴን አቃጠለው። ዘበኛውን አልወቅስም፤ የተነገረውን ፈጽሟል፣ አዲሱን የነገረው የለም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ መፍትሔ ለእኛ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መሆኑ ነው። በለንደን ክረምት መስኮት መክፈት ማለት የማሞቂያውን ገንዘብ ወደ ውጭ መልቀቅ ነውና ድሃው ቤተሰብ እያወቀ ይዘጋዋል። በጅማ ጠዋቱ ቢቀዘቅዝም ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ትወጣለች፤ በረንዳ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ቡናውም ከከሰሉ ጋር ወደ በረንዳ ቢወጣ ጣዕሙ አይጎድልም። እኛ ግን እንግዳ ሲመጣ «ግቡ፣ ግቡ» ብለን ወደ ሳሎን እናስገባና በሩን እንዘጋለን።

የእንግሊዙ መመሪያ እንዳለ ይገልበጥ ማለቴ አይደለም፣ አይቻልምም። መመርመሪያው እዚያ በዚያን ጊዜ በፖስታ እስከ ቤት ድረስ በነጻ ይላክ ነበር፤ የታመመው ሰው የራሱ ክፍል አለው። በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ የሚያድርን ቤተሰብ «ተለይታችሁ ተኙ»፣ የቀን ሠራተኛውንም «7 ቀን ቤት ዋል» ማለት ችግሩን አለማየት ነው። ይልቅስ የሚያስለው ሰው መስኮቱ ወይም በሩ አጠገብ ይተኛ፤ አስታማሚው ማስክ ያድርግ፤ ለቅሶ ቤት የድንኳኑ ጎንና ጎን ይገለጥ፤ አገላብጦ መሳሳሙ ለጊዜው ይቅር፤ አዛውንቶችም ከታፈነው ጥግ ይልቅ አየር በሚገባበት ይቀመጡ፤ ብርዱን ለሚፈሩትም ጋቢ ይደረብላቸው። ነፋስን መፍራት ከእናቶቻችን የወረስነው ነውና በቁጣ አይለቅም፤ በመከባበርና በማስረዳት ግን ይለዝባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን የሚያደርስ ሰው ጅማ አላጣችም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ ልኮ በማስተማር የታወቀ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ዕድሩና አፎሻው (እንደ ዕድር ያለው የመረዳጃ ማኅበር) ደግሞ ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ ሳይቀር የሚወስኑ ናቸው። የቀረው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ፣ የወጣበት ቀን በግልጽ የሰፈረበት፣ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በየአፎሻው ስብሰባ ይነበብ፣ በሐሙስ ገበያ በድምፅ ማጉያ ይነገር፣ በመናኸሪያውም ለሾፌርና ለረዳት ይሰጥ፤ ቫይረሱ እንደገና ሲለወጥም አሮጌው ተነሥቶ አዲሱ ይለጠፍ።