ገለልተኛው ይኑርልን

ድሬዳዋ የሚጎድላት ነገር አይጠፋም፤ ገለልተኛ ሰው ግን ጎድሏት አያውቅም። ከዚራ ጥላ ሥር ብትቀመጥ፣ መጋላ በርጫ ላይ ብትገኝ፣ ሳቢያን የእድር ስብሰባ ብትገባ አታጣውም። «አቦ፣ እኔ የለሁበትም፤ ገለልተኛ ነኝ» ይልሃል። ድሬ አንቱታ አታውቅምና አንተ እንለዋለን እንጂ፣ ሥራውስ አንቱ የሚያሰኝ ነበር።

ችሎታውን ማየት የፈለገ እድር ይምጣ። ድንች ቸርቻሪዋ እናታችን ተነስታ «የእድሩ ብር የት ደረሰ?» ትላለች። ገንዘብ ያዡ ይቆጣል፤ ስሜ ጠፋ ብሎ ጠረጴዛ ይደበድባል። ቤቱ ጭጭ። ይሄኔ ገለልተኛው ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሳና «ተዉ እንጂ! ሁለታችሁም ጋ ስህተት አለ» ይላል። የሷ ስህተት መጠየቋ መሆኑ ነው። ይቅር ተባባሉ ይባላል፣ ይመረቃል፣ ይጨበጨባል። ብሩ ብቻ ከምርቃቱ ይቀራል።

ደግሞ ዘሩ ትልቅ ነው። በ1928 መስከረም ጣሊያን ሲወረን፣ አሜሪካ በገለልተኝነት ሕጓ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። እኩልነት ማለት ይሄ ነው! አንደኛው የራሱ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አለው፣ ሌላው ከውጭ ካልገዛ ባዶ እጁን ነው፤ ክልከላው ግን ግራም ሳያዳላ ለሁለቱም እኩል ተመዘነ። ነዳጅ ሕጉ ውስጥ ስላልነበረ ለጣሊያን መሸጡ ቀጠለ። ዓመቱ ሳያልቅ የጣሊያን ጦር እዚሁ ድሬዳዋ ነበር።

አንዳንድ ነገረኛ ታዲያ ቀይ መስቀልን እየጠራ ሊከራከር ይሞክራል። በ1965 እ.ኤ.አ. በታወጁት ሰባት መርሆዎች ውስጥ ገለልተኝነትና አለማዳላት ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ ከጠቡ የሚርቁት ከሁለቱም ወገን ቁስለኛ ዘንድ ለመድረስ ነው፤ ከቁስለኞቹም የባሰበትን ያስቀድማሉ ይላል። ይሁንለት። የኛው ሰው ቁስለኛ ያለበትን መንገድ ራሱን ትቶ በሌላ ስለሚሄድ፣ ማንን ላስቀድም ብሎ አይጨነቅም። እንዲህ ያለ ንጽሕና ጄኔቭም አይገኝ!

ባለፈው እድር ላይ ሒሳቡን የሚመረምር ኮሚቴ ይቋቋም ተባለና ገለልተኛው በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆነ፤ እሱ ራሱ ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። የጠቆመው ገንዘብ ያዡ ነው።