ክፍል ገብቶ ይየው፤ ለድካሙም ይከፈለው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ ማለት መጀመሩ ደስ ይላል። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ግን ከውጤቱ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለበት፤ ፊዚክሱን ማን እያስተማረው ነው? የባዮሎጂ መምህሩ ፊዚክስ ደርቦ ሲይዝ፣ የሒሳብ መምህሩ ሲዛወር ክፍለ ጊዜው ለሁለት ወር ባዶ ሲሆን፣ የፈተናው ውጤት ያኔውኑ ተጽፏል።

የሳይንስ ተመራቂ መምህር ሊሆን ሲያስብ ብዙዎች የሄዱበት መንገድ አለ። መጀመሪያ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ ወይም በሒሳብ ዲግሪውን ይይዛል፤ ቀጥሎ ፒጂዲቲ የሚባለውን የማስተማር ዲፕሎማ ይወስዳል። ችግሩ ያለው እሱ በሚወስንበት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ስለ መምህርነት የሚያውቀው ተማሪ ሆኖ ከዴስክ ላይ ያየውን ብቻ ነው፤ ከዴስክ ላይ ደግሞ የሚታየው ጠመኔና ቁጣ ነው። አንድ ልጅ ሳይገባው ቆይቶ ድንገት ሲበራለት ፊቱ የሚለወጠውን ለውጥ፣ ከሰሌዳው ጎን የቆመ ሰው ካልሆነ ማንም በደንብ አያየውም። ያላዩት አገር አይናፍቅም።

ስለዚህ የምንለው አንድ ነገር ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ የሚማሩ፣ ሊመረቁ አንድ ዓመት የቀራቸው ተማሪዎች፣ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለ20 የትምህርት ቀናት እየተከፈላቸው ይለማመዱ። የሚመራቸው መምህርም ይከፈለው።

ሐሳቡ እኛ የፈጠርነው አይደለም። እንግሊዝ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ቢቸግራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምቱ መግቢያ ለጥቂት ሳምንታት ትምህርት ቤት እያስገባች መክፈል ጀምራለች፤ ገንዘቡን መንግሥት ይሸፍናል። ተማሪው መምህር ለመሆን ቃል አይገባም። ገብቶ ያያል፣ ከዚያ ይወስናል።

ይህን ነገር እንዳለ አምጥቶ መትከል ግን አይቻልም፤ መጀመሪያ የሚያደናቅፈው የቀን መቁጠሪያው ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ይዘጋና ትምህርት ቤቱ ሳምንታት ያስተምራል፤ ልምምዱ በዚያ ክፍተት ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ ሁለቱም ወደ ክረምት የሚዘጉት ተቀራርበው ነው። ተማሪው ነፃ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው። በሰኔ ላድርገው ቢባል ፈተና ነው፤ በመስከረም ቢባል የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በምዝገባና በክፍል ድልድል ያልቃሉ። የክረምቱ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሻላል የሚሉ አሉ። ማጠናከሪያው ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚመጣው ራሱ የፈለገ ተማሪ ነው፣ ስም አይጠራም፣ ማርክ የለም፣ ከኋላ ረድፍ የሚያንቀላፋው ልጅም አይመጣም። ማስተማር ምን እንደሆነ የሚያሳየው ያ የሚያንቀላፋው ልጅ ነው።

የሚያዋጣው ቀኖቹን ለሁለት መክፈል ነው። ስምንቱ ቀናት በዩኒቨርሲቲው የሁለቱ ሴሚስተር መካከል ባለው እረፍት፣ ትምህርት ቤቶቹ እያስተማሩ ባሉበት፣ በተከታታይ ይሁኑ። ቀሪዎቹ 12 ቀናት በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ12 ሳምንት። ለዚህ ዲፓርትመንቱ ፕሮግራሙን ሲያወጣ አንዱን ቀን ከኮርስ ነፃ ማድረግ አለበት፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ፕሮግራሙ ከመለጠፉ በፊት መነጋገር ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል፤ ብቻ ከአካባቢው የገበያ ቀን ጋር አይግጠም፤ በገበያ ቀን ክፍሉ ይሳሳል። እንደ መሐል ሜዳና አረርቲ ላሉ ራቅ ያሉ ቦታዎች በሳምንት አንድ ቀን መመላለስ ስለማይሆን እነሱ የእረፍቱን ጊዜ ብቻ ይያዙ፤ ቀኖቻቸውም ያነሱ ይሁኑ።

ተለማማጁ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ነው ብዙ ልምምድ የሚበላሸው። የመጀመሪያው ስህተት ተለማማጁን ከኋላ አስቀምጦ መርሳት ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ የቀረ መምህር ባለ ቁጥር «አንተ ግባና ያዛቸው» ማለት ነው። ዕቅድ ሳይኖረው፣ ስማቸውን ሳያውቅ፣ 60 እና 70 ተማሪ ፊት ለብቻው የቆመ ልጅ በሦስተኛው ቀን ከዚህ ሙያ ይሸሻል። እሱ ብቻ ሳይሆን ዶርም ተመልሶ የሚነግራቸው ሰባት ጓደኞቹም ይሸሻሉ። ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ተለማማጅ ምትክ መምህር አይደለም፣ በቀን ከሁለት ክፍለ ጊዜ በላይ ሰሌዳ ፊት አይቆምም፣ መሪ መምህሩ ከክፍሉ አይወጣም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ይይ፤ ግን የሚያየው ተነግሮት ይሁን። መምህሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጥያቄ ጠየቀ? የመለሱት እነማን ናቸው፣ የፊት ረድፎቹ ብቻ ናቸው? ከጥያቄው በኋላ ስንት ሰከንድ ጠበቀ? በአራተኛው ቀን ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ 20 የቤት ሥራ ደብተር ያርም፤ ተማሪ የት ላይ እንደሚሳሳት ከደብተር የበለጠ የሚናገር የለም። በአምስተኛው ቀን አሥር ደቂቃ ብቻ ያስተምር። ከዚያ ሙሉ ክፍለ ጊዜ፤ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ደግሞ በሌላ ሴክሽን ይድገመው። ድግግሞሹ መቅረት የለበትም። በ10ኛ ሀ የተበላሸው ማብራሪያ በ10ኛ ለ ሲቃና ተለማማጁ ራሱ ያየዋል፤ ማስተማር የሚማሩት ሥራ መሆኑን ያኔ ያምናል።

ለአሥሩ ደቂቃ የሚሆን አንድ ምሳሌ እንስጥ። ሦስት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ግማሽ ሜትር ሽቦ። ሁለቱን አምፖሎች በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አስከትሎ በአንድ መስመር፣ ከማገናኘቱ በፊት «የትኛው የበለጠ ይበራል?» ብሎ እጅ ያስወጣ። ብዙው ተማሪ ለባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ የሚቀርበው ነው ይላል፤ ከረንቱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰቱ፣ የመጀመሪያው አምፖል ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል። ሁለቱ እኩል ሲበሩ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል። ታዲያ ይህ ሙከራ በቀላሉ ይከሽፋል። አምፖሎቹ ዓይን ሲያያቸው አንድ ሆነው ሳለ አንገታቸው ላይ የተጻፈው አንዱ 2.5 ቮልት፣ ሌላው 3.8 ቮልት ከሆነ፣ የአምፒራቸው ልክ አንድ ቢሆንም ባለ 3.8 ቮልቱ ይበልጥ ይበራል። ያ አምፖል በአጋጣሚ ለፖዘቲቩ ከቀረበ ተማሪው የተሳሳተውን ሐሳብ በዓይኑ አይቶ አረጋገጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ፓኬት ይገዛ፣ ጽሑፉ ይነበብ፣ ክፍል ከመግባቱ በፊት በነበረው ምሽት ይሞከር። በክፍሉም አምፖሎቹን አቀያይሮ ያሳይ።

ሰሜን ሸዋ ራሷ ቤተ ሙከራ ናት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ነው፤ ውኃ የሚፈላው ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ጣርማበርን ተሻግረው፣ ደብረ ሲናን ወርደው ሸዋሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ እዚያ ውኃ ለመፍላት 95 ዲግሪን ያልፋል። መንዝ ላይ ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚቆይ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ እናቱ ማገዶ እየጨመረች ስትጠብቅ አይቷል። ሁለት ተለማማጆች በአንድ ቀን፣ አንዱ ደብረ ብርሃን ሌላው ሸዋሮቢት፣ ተማሪዎቻቸው ፊት ውኃ አፍልተው በስልክ ቁጥር ቢለዋወጡ የከባቢ አየር ግፊት ከመጽሐፍ ወጥቶ ማጀት ገባ ማለት ነው። ብቻ ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ከመለያየታቸው በፊት አንድ ውኃ ውስጥ ነክረው ያመሳክሩ። የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር አንድ ሁለት ዲግሪ መሳሳቱ የተለመደ ነው፤ የምንፈልገው ልዩነት ደግሞ አምስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ተለማማጁ ማብራሪያውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጮክ ብሎ ይለማመድ። ሐሳቡ ገብቶት ቃሉ ባልገባው ተማሪና ቃሉን ሸምድዶ ሐሳቡ ባልገባው ተማሪ መካከል ያለውን ልዩነት ያላየ ሰው ክፍሉን ገና አላየውም።

ወደ ክፍያው እንመለስ። ለምን ይከፈላል፣ በበጎ ፈቃድ አይሆንም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። የገበሬ ልጅ በእረፍቱ ወይ ቤተሰቡን ያግዛል፣ ወይ የቀን ሥራ ይሠራል። ያለ ክፍያ የሚመጣው አቅም ያለው ቤተሰብ ልጅ ብቻ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ነገ ወደ ወረዳው ተመልሶ የሚያስተምረውን ነው። በዚያ ላይ የተከፈለውን ሰው ለምን ቀረህ ማለት ይቻላል።

የምናቀርበው ሒሳብ ይህ ነው። 30 ተለማማጅ፣ በቀን 500 ብር፣ 20 ቀን፣ 300,000 ብር። ለ30 መሪ መምህራን ለእያንዳንዳቸው 3,000 ብር፣ 90,000። ለትራንስፖርት 30,000፣ ለሙከራ ዕቃ 45,000። ጠቅላላው 465,000 ብር። ራቅ ያለ ቦታ የሚሄዱት ቀናቸው ስለሚያንስ ከዚያ የሚተርፈው ለቤት ኪራያቸው ይዙር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄው እስከ ሚያዝያ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ ለዓመቱ አለፈ ማለት ነው። አከፋፈሉም ይታሰብበት፤ ሲሶው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቴሌብር ይግባ። አበሉ ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣ ከሆነ ተለማማጁ ስለ መምህርነት የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት እሱ ይሆናል።

መሪ መምህሩ የሚመረጠው ክፍለ ጊዜ ስላነሰው መሆን የለበትም፤ ፈልጎ የገባ ይሁን። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተለማማጁን «ምን ልትሠራ መጣህ? ሌላ ሥራ አጣህ?» የሚሉት መኖራቸው አይቀርም። አንፈርድባቸውም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ቢልም ኑሮው የት እንዳለ ሁሉም ያውቀዋል። የ20 ቀን ልምምድ ይህን አይፈታም፤ ይፈታል ብሎ ተማሪ መጥራትም ማታለል ነው። ስለዚህ መሪ መምህሩ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ዝውውሩ እውነቱን ቁጭ ብሎ ይንገረው። እውነቱን ሰምቶ የቀረው መምህር ይቆያል፤ ሳይሰማ የገባው በሁለተኛው ዓመት ይለቃል።

ተለማማጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡ፤ ለሴት ተማሪዎች ማደሪያው ስማቸው ከመላኩ በፊት ይረጋገጥ። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ተማሪ በሌለበት፣ መንገድ ባልተከፈተበት ማንም አይላክ። የመጀመሪያው ዙር በደብረ ብርሃን ከተማና መንገዳቸው ክፍት በሆኑ ቅርብ ቦታዎች ይሁን፤ ጉዞውም ከሦስት ቀን በፊት ከርዕሰ መምህሩ ጋር በስልክ ተነጋግሮ ይወሰን።

ልምምዱ ሲያልቅ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ መለያየት ይበቃል ብለን አናምንም። ተማሪው በሚመረቅበት ዓመት፣ የማስተማር ዲፕሎማው ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት፣ አንድ ሰው ይደውልለት። የሚደውለው ቢሮ ሳይሆን መሪ መምህሩ ይሁን፤ «10ኛ ለ ያንተን አምፖል እስካሁን ያነሱታል፤ ምን ወሰንክ?» ብሎ ይጠይቀው።