ማመልከቻ የገባለት ድምፅ

ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ድምፁ አላምር ሲለው ጣቱን ጥፋተኛ ሲያደርግ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በመጀመሪያ ክሩ ይወቀሳል፣ ቀጥሎ ኬብሉ፣ ከዚያም አምፕሊፋየሩ፤ እነዚህ ሁሉ ተቀይረው ትዝታው አሁንም እንደ ትናንቱ ሲንገዳገድ፣ ከክሮቹ ሥር በሁለት ቪቴ ተንጠልጥሎ ማንንም ሳይናገር የኖረው ፒክአፕ፣ በተለይም ሃምበከር የተባለው ዓይነት፣ ተራው ይደርሰዋል። «ችግሩ ሃምበከሩ ነው» የሚለው ፍርድ አንዴ ከተሰጠ ይግባኝ የለውም። የሚቀረው የትኛው ይምጣ የሚለው ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ ይህ አንድ ጥያቄ በአዲስ አበባ አንድን ሙዚቀኛ ከነጓደኞቹ፣ ከነአክስቱና ከነራዲዮ ጠጋኙ ለወራት ሥራ ሊያሲዝ እንደሚችል በቅርብ ያላየ ሰው አያምንም።

ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ያለበት፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር የተጠመጠመበት ዕቃ ነው፤ ክሩ ከበላዩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠርና በኬብል ወጥቶ ይጎላል። አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ፒክአፕ ግን ክሩን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም መብራት ያዳምጣል፤ በእኛ አገር በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የመብራት ኃይል ጥዝታ ሆኖ ከዜማው ጋር ይወጣል። ሃምበከር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የአንደኛው የሽቦ አዟዟርም የማግኔት አቅጣጫም የሌላው ተቃራኒ ነው። በዚህ የተነሣ ከክሩ የሚመጣው ድምፅ ተደምሮ ሲወጣ፣ ከግድግዳው የሚመጣው ጥዝታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለት ተቃራኒ ወገኖች ተስማምተው ጫጫታን የሚያስቀሩበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም።

ይህን ያሰበው ሴዝ ላቨር የተባለ የጊብሰን ኩባንያ ባለሙያ ሲሆን፣ የፈጠራ መብት ማመልከቻው የገባው በፈረንጆቹ 1955 ነው። ፒክአፑ በ1957 ጊታር ላይ መገጠም ሲጀምር ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ነበርና፣ ከሥሩ «የፈጠራ መብት ተጠይቆበታል» የምትል ትንሽ ጥቁር ወረቀት ትለጠፍበት ጀመር። መብቱ በ1959 ተፈቀደ፤ ወረቀቷ ግን ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት መለጠፏን አላቋረጠችም። በኋላ ቁጥር ያለው ወረቀት በተተካ ጊዜ ደግሞ የተጻፈው ቁጥር የፒክአፑ ሳይሆን፣ ሌስ ፖል የተባለው ጊታሪስት ያስመዘገበው የክር ማሰሪያ ብረት ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ተፎካካሪን ለማሳሳት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚሉ አሉ። በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ጉዳይህ በሂደት ላይ ነው» የተባለና ኋላም ፋይሉ ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ተቀላቅሎ ያገኘ ያገሬ ሰው ግን ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ፣ የእኛ በእንጥልጥል ያለ ማመልከቻ ዋጋ የለውም፤ ያቺ ወረቀት የተለጠፈችበት አሮጌ ሃምበከር ግን ዛሬ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል።

የዚህ ሁሉ ምኞት መነሻ የሆነው ያ አሮጌ ፒክአፕ ራሱ አንድ ወጥ አልነበረም። ማግኔቱ በዕለቱ የተገኘው ዓይነት ነበር፤ የሽቦው ዙር ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ጥቁር ቀለም ሲጠፋ ደግሞ ሽቦው የሚጠመጠምበት ፕላስቲክ ክሬም መልክ ይዞ ይወጣ ነበር። ዛሬ ያ የቀለም እጥረት፣ አንዱ ጥቅል ጥቁር ሌላው ክሬም ሲሆን፣ «ዜብራ» ተብሎ ተመርጦ ይታዘዛል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሠሪዎች በሙሉ ትክክለኛውን የ1950ዎቹን ድምፅ እንደገና ሠራን ሲሉ፣ እርስ በርሳቸው ከማይመሳሰሉት መካከል የትኛውን እንደሆነ የሚጠይቃቸው የለም።

አንድ ወዳጄ ሃምበከር ሊቀይር በተነሣ ጊዜ የተጠራውን የጓደኞች ሸንጎ ታድሜ ነበር። አንደኛው የድሮውን ፒክአፕ ሙቀት ይጎድለዋል አለ፤ ሁለተኛው አየር አያስገባም አለ፤ ሦስተኛው መሃሉ ጠባብ ነው፣ ታቹ ጭቃ ነው ብሎ ደመደመ። ከውጭ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ቤት የሚከራዩ እንጂ ማግኔት የሚገዙ አይመስሉም ነበር። ከማግኔት ዓይነቶች መካከልም ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የሚሠራው አልኒኮ 2 «ጨዋ»፣ አልኒኮ 5 «ደፋር»፣ ሴራሚኩ «ባለጌ» ተብለው ጠባይ ወጣላቸው። ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚፈልገው ዓይነት የተነሣው ለአፍታ ብቻ ነበር፤ የሠርግ ዘፈን መሃል ላይ ባትሪው ቢያልቅስ የሚል ሰው ተነሥቶ ያለ ክርክር ወደቀ። ከመካከላቸው ጊታሩን አንሥቶ የተጫወተ ግን አልነበረም።

ከቃላቱ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ቁጥሩ ነው። ከሸንጎው አባላት አንዱ ቴስተር ይዞ መጥቶ ነበርና የድሮው ፒክአፕ 8 ኪሎ ኦም መሆኑን ለክቶ አወጀ። ወዲያው ፊቶች ሁሉ ጠቆሩ፤ ሲሞር ደንከን የሚሠራው ጄቢ የተባለው ሃምበከር ወደ 16 እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃልና፣ ወዳጄ ለዚህ ሁሉ ዓመት በግማሽ ድምፅ ሲኖር እንደነበር ታሰበ። እርግጥ ኦም የሚለካው የሽቦውን ተቃውሞ እንጂ የድምፁን ጉልበት አይደለም፤ ሽቦው ይበልጥ ከቀጠነ ዙሩ ሳይጨምር ቁጥሩ ይጨምራል፤ ማግኔቱም ደካማ ከሆነ ትልቁ ቁጥር ብዙም አይረዳም። ይህን ለማስረዳት ሞክሬ ሰሚ ባጣሁ ጊዜ ሌላ መንገድ ያዝሁ። የመዳብ ተቃውሞ በየአንዱ ዲግሪ ሙቀት ከመቶ 0.4 ያህል እንደሚጨምር፣ በዚህም ስሌት አዲስ አበባ በጠዋት ብርድ 8 የተለካው ፒክአፕ በ15 ዲግሪ ወደሚበልጥ የድሬዳዋ ቀትር ቢወሰድ ወደ 8.5 እንደሚጠጋ ነገርኋቸው። ስቀው ያልፉታል ብዬ ስጠብቅ፣ ባለ ቴስተሩ ሰውዬ የድሬዳዋን መሳፈሪያ ጠየቀኝ።

በመጨረሻ ከሚገጠሙት ሁለት ሃምበከሮች አንዱ፣ የሲሞር ደንከኑ፣ ከአሜሪካ እንዲመጣ ተወሰነ። ከውጭ የሚመጣ የጊታር ዕቃ መንገዱ ሻንጣ ነው፤ ሻንጣውም ባለቤት አለው፤ ባለቤቷም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት የወዳጄ አክስት ነበሩ።

«እትዬ፣ ቦታ ካለዎት አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበረች።»

«ምንድን ናት የኔ ልጅ?»

«ማግኔት ነገር ናት፣ ሽቦ ያላት።»

«ውይ! የእናትህ ወገብ እስካሁን አልተሻላትም እንዴ?»

«ለጊታር ነው እትዬ።»

«ጊታር አለህ አይደል? ምነው ጫማ ባመጣልህ?»

አክስቲቱ ቃላቸውን ጠብቀው፣ የሕፃን ካልሲ ውስጥ ጠቅልለው፣ ከቫይታሚኖቹና ከሽቶው መካከል አድርገው አመጡት። ስሙ ትክክል፣ ዓይነቱ ትክክል ነበር፤ ክዳኑ ግን ወርቅማ ነበር። «ጥቁሩንም አሳይተውኝ ነበር፣ የለቅሶ መሰለኝና ተውሁት» አሉ። ስጦታ ነውና ምን ይባላል፤ ወዳጄ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ሸንጎው ግን በማግሥቱ እንደገና ተሰበሰበ፤ የብረት ክዳን የድምፁን ጫፍ ጥቂት ይቀንሳልና ይነሣ፣ አይነሣ የሚለው ክርክር ከምሳ እስከ መብራት መጥፊያ ቆየ። ክዳኑ ቢነሣ እትዬ ለበዓል ቤት ሲመጡ ምን ይባላሉ የሚለው ሐሳብ በብዙ ድምፅ አሸንፎ ወርቁ ባለበት ጸና። ፒክአፕ በአክስት ይሉኝታ ሲመረጥ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከኦሙም፣ ከጠባዩም ይልቅ ይህኛው መመዘኛ የተሻለ ምክንያት አለው።

ሁለተኛውን ሃምበከር፣ ማለትም ዲማርዚዮ የተባለ ሌላ ሠሪ የሠራውን፣ አገር ጥሎ ከሚሄድ ሙዚቀኛ ገዛው። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ወደ ራዲዮ ጠጋኙ የተላለፈው። ዘመናዊ ሃምበከር አራት ባለ ቀለም ሽቦዎች አሉት፤ ሁለቱ ሠሪዎች ግን በቀለሙ ትርጉም አልተስማሙም። በሲሞር ደንከን ድምፁን የሚያወጣው ጥቁሩ ሲሆን ቀዩና ነጩ ይታሰራሉ፤ በዲማርዚዮ ድምፁን የሚያወጣው ቀዩ ሲሆን የሚታሰሩት ጥቁሩና ነጩ ናቸው። አረንጓዴው ብቻ በሁለቱም ዘንድ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ጠጋኙ ከወርቃማው ጋር የመጣውን አንድ ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ቀለም ቀለም ነው በማለት ሁለቱንም በዚያው በየዳቸው።

የዚህን ውጤት ልብ ብሎ ላሰበው ሰው የሚያስደንቅ ነው። በዲማርዚዮው ውስጥ አንደኛው ጥቅል ተገለበጠ፤ ስለዚህ የክሩ ድምፅ እርስ በርሱ እየተቃረነ አብዛኛው ሲጠፋ፣ ሊጠፋ የሚገባው የመብራቱ ጥዝታ ደግሞ ተደምሮ ወጣ። ሴዝ ላቨር በ1955 ማመልከቻ ያስገባበት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ተቀለበሰ ማለት ነው። ትዝታው ጠፍቶ ጥዝታው ቀረ። ሸንጎው ጆሮውን አዘንብሎ በአክብሮት ሰማ። «ያረጀ ድምፅ አለው» አለ አንደኛው። «ፒተር ግሪንም እንደዚህ ነበር» አለ ታናሹ፤ በእርግጥ የእንግሊዛዊው ጊታሪስት የፒተር ግሪን ጊታር ሁለቱ ፒክአፖች አንድ ላይ ሲከፈቱ በሚሰጠው ተቃራኒ፣ አፍንጫ አፍንጫ በሚል ድምፁ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እርሱ በሁለት ፒክአፖች መካከል የተፈጠረ ነው፣ ይህኛው በአንዱ ሆድ ውስጥ ነበር። ወዳጄ በዚህ ድምፅ አንድ ሙሉ ሳምንት ተመስግኗል። ነገሩ የታወቀው የጎረቤት ልጅ መጥታ ፍሪጃችሁ ተበላሽቶ ነው ወይ ብላ በጠየቀች ጊዜ ነው።

ሽቦው ተስተካክሎ ጊታሩ የመጀመሪያ ሥራውን የሠራው በአንድ የሠርግ አዳራሽ ነው። ኬብሉ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ገባ፤ የድምፅ ባለሙያው ጊታሩ ይጮኻል ብሎ የላይኛውን ድምፅ ቀነሰ፣ ያጉረመርማል ብሎ የታችኛውን ቀነሰ፣ ከዚያም ኪቦርዱን ከፍ አደረገ። ከአልኒኮ 5 ድፍረት የተረፈው የታዘዘለትን ያህል ብቻ ተሰማ። ሙሽሮቹ ደስ ብሏቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ማድረግ የሚቻል አንድ ነገር እንደነበር ለመዝገብ ያህል ልናገር። ክሩን መጨረሻው ፍሬት (የጊታሩን አንገት አቋርጦ የተተከለው ቀጭን ብረት) ላይ ጫን አድርጎ፣ በፒክአፑና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ማምጣት፣ በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ደግሞ ትንሽ ማራቅ ነው። ሲቀርብ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎላል፤ ሲርቅ ይጠራል፣ ይከፈታል። የቮሊዩም ማዞሪያውም ለሃምበከር የሚስማማው ባለ 500 ኪሎ ኦም መሆኑን ማየት ነው፤ በ250 ከተተካ የድምፁ ጫፍ ይደበዝዛል፣ ጥፋቱም ለፒክአፑ ይሰጣል። ለዚህ ካቻቢቴና ሩብ ሰዓት ይበቃል። ያም ሆኖ ይህን ምክር ለማንም ስሰጥ ፊቱ ላይ የማየው ቅሬታ ነው፤ ቪቴ ማዞር ሸንጎ አይጠራም፣ ከአሜሪካ አይመጣም፣ ማንም ደውሎ «እንዴት ሆነልህ?» አይልበትም።

ከጊታሩ የወጡት የድሮዎቹ ፒክአፖችም ሜዳ ላይ አልወደቁም። ባለፈው ሳምንት ከአዳማ የመጣ አንድ ወጣት ሊገዛቸው መጥቶ፣ ወዳጄ በክብር ከካልሲው ውስጥ አውጥቶ ሲያሳየው እዚያው ነበርሁ። አየር የማያስገቡት፣ ታቻቸው ጭቃ የነበረው ማለት ነው።

«ድምፃቸው እንዴት ነው?» አለ ልጁ።

«ሞቅ ያለ ነው። ታቹ ወፍራም፣ የድሮ ሰው ድምፅ ያለው ነው። ሌላ ዕቃ ስለመጣልኝ እንጂ አልሸጣቸውም ነበር።»

«ስንት ኪሎ ኦም ናቸው?»

ወዳጄ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና በፍጹም መተማመን መለሰ፤ «እዚህ 8 ናቸው። አዳማ ስትደርስ ግን ይጨምራሉ።»