ሐይቅ ዳር ተቀምጦ «ላብራቶሪ የለንም»

የባሕር ዳር ሰዎች፣ በእናንተም በራሴም ተናድጃለሁ።

ሰሞኑን ልጄ የፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። አምስተኛ ክፍል ናት። «ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል?» ይላል ጥያቄው። «እኛ ከተማ በ94 ገደማ» ብላ ጽፋለች። ቀይ ኤክስ! ክረምት ላይ አጎቷ ቴርሞሜትር አምጥቶ፣ ድስት ጥደው አብረው ለክተዋል። ልክ ናት። 100 የሚሞላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃውን የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ ቀድሞ ይፈላል። እኔስ ምን አልኋት? «አርፈሽ የመጽሐፉን ጻፊ!» ለማርክ ስል። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስለዚህ መምህሩ ላይ ብቻ ጣት አትቀስሩ። የወላጅ ስብሰባ ላይ «ደብተሩ ባዶ ነው፣ ምን እያስተማራችሁ ነው?» ብለን የምንጮኸው እኛ ነን። ልጁ እጁን ጭቃ ነክቶት ሲመጣ «ለጨዋታ ነው የላክሁህ?» የምንለውም እኛው። የትምህርቱ ስም እኮ ራሱ አካባቢ ሳይንስ ነው! አካባቢውን የት ጣልነው?

«ላብራቶሪ የለም» ትላላችሁ። ጣና ታዲያ ምንድን ነው? ሐይቅ ውስጥ ይግቡ አላልሁም፤ ቢልሃርዚያ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። ሳፋ ግን የሌለው ቤት የለም። አንድ እስር ደረቅ ደንገል፣ ያንን ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ አምጡ። ውሃ ላይ ከመጣላችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል? ለምን? ግምቱን ይጻፍ። ይቺን የሚዘል ብዙ ነው። ጥያቄ ከሌለ ውሃ ማንቦጫረቅ ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም። ከዚያ ደንገሉን ሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ መዝኖ፣ ሦስት ቀን ዘፍዝፎ፣ እንደገና ይመዝነው። ታንኳ ቀዛፊዎች ከሥራ በኋላ ታንኳቸውን ጎትተው ፀሐይ ላይ ለምን እንደሚያሰጡት ያኔ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

እምቦጩንም አትርሱ። መቼም ከሐይቁ ስንነቅለው የኖርን አረም ነው፣ እንጠቀምበት። ያበጠውን አንገቱን ቆርጦ ውሃ ውስጥ ይጭመቀው። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ተሸክሞት የኖረው አየር እሱ ነው። 1 ኪሎ እርጥቡን መዝኖ ሲደርቅ ደግሞ ይመዝነው፤ 100 ግራም እንኳ አይሞላም። «የቀረው የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ቶሎ አትንገሩት። እባካችሁ፣ ትንሽ ይጨነቅበት።

ልጄ ትናንት «አባዬ፣ ደብረ ታቦርስ በስንት ይፈላል?» አለችኝ። ደብረ ታቦር ከእኛ ከፍ ትላለች። በመጀመሪያ ግምቷን አስጻፍኋት። ቅዳሜ ቴርሞሜትሩንና ቡታጋዙን ይዘን እንሄዳለን።