አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ

ባለፈው እሁድ ጎንደር ማራኪ ሰፈር አራስ ጥየቃ ሄደን ገንፎው ሳይቀርብ ክርክር ተነሳ። ሕፃኑ ክርስትና ሊነሳ ሳምንት ቀርቶታል። አንድ ጡረተኛ ጋሼ «ይሄ ገና ምን ያይና ነው የምታጫውቱት? ጭፍን እኮ ነው» አሉ። ማስረጃቸው 6 ልጅ ማሳደጋቸው ነው። (ያሳደጉትስ ባለቤታቸው ናቸው፤ እሱ ይቆየን።)

ከአራሷ ጎን የተቀመጠች ነርስ «ኧረ ያያል ጋሼ። ብዥ ይልበታል እንጂ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ፊት ያያል። ከቆመ ነገር ይልቅ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ይስበዋል» አለች።

ጋሼ ሳቁ። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ!» ልጅ ያሉት እሷን ነው። ሁለት የወለደች ሴት!

መልስ አልሰጠችም። የነጠላዋን ባለመስመር ጥለት ከሕፃኑ ፊት ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ሳበችው። ዓይኑ ተከተለ። ግን ቆም፣ ዘለል፣ ቆም፣ ዘለል እያለ ነው። «2 ወር ሲሞላው እየለሰለሰ ይሄዳል» አለች። «ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄደውን መለየት የሚጀምረውም በ7 ሳምንት ገደማ ነው። አሁን አንድ ዓይኑን ብንሸፍንበት፣ ወደ አፍንጫው የሚሄደውን መስመር ይከተላል፤ ወደ ጆሮው የሚሄደው ያመልጠዋል። ወራት አልፈው ነው የሚስተካከለው።»

አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ማለት ይኸው አይደል? ተረቱ ለእሷ መሰከረ። ጋሼ ግን «ሆዱን ነፍቶት ነው ዓይኑ የሚቅበዘበዘው» ብለው አረፉ። ሆድና ዓይን ምን አገናኛቸው?

«4 ወር እየገባ የሰው ፊት በዓይኑ የማይከተል ልጅ ካያችሁ ለዓይን ሐኪም አሳዩ። ብሌኑ ነጭ ከመሰለማ አንድ ቀን አትደሩ» ስትል ማን ሰማት? ገንፎው መጥቷል። ጋሼም ቅቤውን እያጠቀሱ አሁንም «አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላሉ።

እኛ ዘንድ ክርክር የሚረታው በሽበት ነው። ሽበት ከሌለህ በመኪና። የተማረ ዝም ይበል፤ ሴት ከሆነችማ ጭራሽ። ቡና ሲሆን «አንቺ ነሽ የምትችይበት» እንላለን፣ የሕፃን ዓይን ሲሆን ጡረተኛ ገንዘብ ያዥ እንጠይቃለን። ዘንድሮማ ብሶበታል፤ ቲክቶክ ላይ የጮኸ ሁሉ ሐኪም ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስንጨቃጨቅ፣ ሌት ተቀን ልጁን የምታየውን አራሷን «አንቺስ ምን ታዘብሽ?» ያላት አንድ ሰው የለም።